አሮጌ ሌንስ በአዲስ ሚረርለስ ካሜራ፦ ከመግጠም እስከ ማንሳት

አጎቴ በ1972 ዓ.ም. ኪየቭ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ይዘዋቸው ከመጡት ነገሮች አንዱ ዜኒት ኢ ካሜራ ነበር። የቤታችን ክርስትና፣ ሰርግ፣ የልጆች የትምህርት ቤት መጀመሪያ ቀን፣ ሁሉም የተነሣው በዚያ ካሜራ ነው። ፊልም ማግኘቱም ማሳጠቡም እየከበደ ሲመጣ ካሜራው ከነቆዳ ማኅደሩ ቁም ሣጥን ገባ። እኔ ደግሞ ባለፈው ዓመት ያገለገለ ሶኒ አልፋ 7 ማርክ 2 ገዛሁ። ብሩ ለቦዲው በቃ እንጂ ለሌንስ አልተረፈም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ማኅደሩን ከቁም ሣጥን አውጥተው፣ ሌንሱን ከዜኒቱ ፈትተው በእጄ አስቀመጡት፤ ሄሊዮስ 44-2፣ 58 ሚሊ ሜትር (ምን ያህል አቅርቦ እንደሚያይ የሚናገር ቁጥር)፣ ኤፍ 2 (አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)።

ሁለት ወር ሙሉ ያነሣሁት በዚህ አንድ ሌንስ ብቻ ነው። ካሜራዬን ያወቅሁት በሱ ምክንያት ነው። ፎከሱንም አፐርቸሩንም በራሱ የሚያስተካክል ሌንስ ቢኖረኝ ኖሮ፣ የካሜራውን ቁልፎች ግማሽ ያህሉን እስከ ዛሬ አልነካቸውም ነበር። ስለዚህ አዲስ ካሜራ ይዞ ዘመናዊ ሌንስ መግዛት ላልቻለ ሰው ይህን መንገድ የምመክረው ምርጫ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ሌንሱን ማንኛውም ሌላ አሮጌ ሌንስ፣ ካሜራውንም ማንኛውም ሌላ ሚረርለስ (ውስጡ የሚነሣ መስታወት የሌለው ካሜራ) ብታደርጉት አሠራሩ ብዙም አይለወጥም።

መጀመሪያ ለምን እንደሚገጥም እንረዳ

እያንዳንዱ የካሜራ ዓይነት፣ ሌንሱ ከሚቀመጥበት የብረት ቀለበት እስከ ፊልሙ ወይም በፊልሙ ፈንታ ምስሉን እስከሚቀበለው ሴንሰር ድረስ የራሱ የተወሰነ ርቀት አለው። ሌንሱም የተቀመረው ለዚያ ርቀት ነው። የዜኒት ሌንሶች የሚጠመዘዙት 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጥርስ ነው፤ ኤም 42 የሚባለው እሱ ነው፣ ርቀቱም 45.46 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮ ካሜራዎች ይህን ያህል ክፍተት ያስፈለጋቸው፣ ፎቶ በተነሣ ቁጥር ብድግ የሚል መስታወት በመካከሉ ስለነበረ ነው። ሚረርለሱ ያንን መስታወት አውጥቶ ጣለው፤ ርቀቱም አጠረ። ሶኒ ኢ 18 ሚሊ ሜትር፣ ካኖን አርኤፍ 20፣ ኒኮን ዜድ 16፣ ፉጂ ኤክስ 17.7 ነው።

ከ45.46 ላይ 18 ሲቀነስ 27.46 ይቀራል። አዳፕተር የሚባለው ይህን የጎደለ 27.46 ሚሊ ሜትር የሚሞላ ባዶ የብረት ቱቦ ነው። ውስጡ የሌንስ መስታወት ስለሌለ ምስሉን የሚያበላሽበት ምክንያት የለም። መስታወት ያለውን የኒኮን ዲኤስኤልአር የያዘ ጓደኛችሁ ግን በዚህ አይጠቀምም። የሱ ካሜራ ርቀት 46.5 ስለሆነ ሌንሱ ከሚገባው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይርቅና ቅርቡን እንጂ ሩቁን አያጠራም። የካኖን ኢኤፍ ርቀት 44 ስለሆነ በስሱ ቀለበት ይገጥማል።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ የሴንሰሩን ስፋት ነው። የኔው ፉል ፍሬም (የድሮውን ፊልም የሚያህል) ስለሆነ 58ቱ 58 ሆኖ ያያል። ኤፒኤስ-ሲ በሚባለው አነስ ያለ ሴንሰር ላይ (ሶኒ 6000 ተከታታዮች፣ ፉጂ ኤክስ) በ1.5 ስለሚባዛ እንደ 87 ሚሊ ሜትር ያያል፤ ለሰው ፊት ግሩም ነው፣ ለጠባብ ክፍል ግን ይጨንቃል። ማይክሮ ፎር ተርድስ በሚባለው ከዚያም ባነሰ ሴንሰር ላይ በ2 ተባዝቶ እንደ 116 ይሆናል።

ሌንሱን መርምሩት

ከዘመድ ያገኛችሁትም ቢሆን፣ ከሻጭም የምትገዙት ቢሆን፣ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ሌንሱን በሁለቱም በኩል እዩት። አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱና መብራቱን ጠምዘዝ አድርጋችሁ አሳልፉበት። የሸረሪት ድር ወይም የሣር ሥር የሚመስል ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። ክረምቱን እርጥብ ቤት ውስጥ፣ በተለይ በቆዳ ማኅደር ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ይህ ያገኘዋል። ጥቂት ከሆነ ፎቶው ላይ አይታይም፤ የመስታወቱን ቅብ ከበላው ግን ሲጸዳም ምልክቱ ይቀራል። እንደ ጭጋግ ያለ ነጭ መጋረጃ ከታየ ደግሞ ፎቶው ሁሉ ይገረጣል። ትንሽ አቧራና ከፊት ያለ ስስ ጭረት ግን አያስጨንቃችሁ፤ ሻጮች ዋጋ ሲጠሩ፣ ገዢዎችም ሲከራከሩ ከሚገባው በላይ ያገንኑታል።

ቀጥሎ ቀለበቶቹን አዙሩ። የሶቪየት ሌንሶች ቅባታቸው ወፍራም ስለሆነ የፎከሱ ቀለበት ሊከብድ ይችላል፤ ቀስ ብሎ መለማመድ ያላላዋል። ፈጽሞ እንቢ ካለ ግን በጉልበት አትሞክሩት። በመለያ ቁጥሩ መጀመሪያ ያሉት ሁለት አኃዞች ብዙውን ጊዜ የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ። የጋሼ ሌንስ በ77 ይጀምራል፤ በፈረንጆቹ 1977 መሆኑ ነው።

ምናልባት እንደ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ያለ ሌንስ አግኝታችሁ መስታወቱ ሻይ መስሎ ቢጫ ብሎ ካያችሁት አትጣሉት። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ቶሪየም በዘመን ብዛት ያመጣው ቀለም ነው፤ በመስኮት ፀሐይ ለሳምንታት ሲቀመጥ ይቀንሳል። ሌንስ ፀሐይን ሰብስቦ ያቃጥላልና ከሥሩ ወረቀትም ጨርቅም አይኑር።

አዳፕተሩን መምረጥ

ስሙ "ኤም 42 ለሶኒ ኢ" ነው፤ ለእናንተ ካሜራ የሚሆነውን ጠይቁ። የጎን ስፋቱን ሳይሆን ውስጡን እዩ። ውስጡ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብርሃኑ እየተንጸባረቀ የፎቶውን መካከል ያነጣዋል፤ የደበዘዘ ጥቁር መሆን አለበት። ካሜራው ላይ ሲገባ የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ይቅርባችሁ። መጀመሪያ የገዛሁት እንዲያ ነበር። ፎከስ ባዞርኩ ቁጥር ሌንሱ አብሮ ይነቃነቃል፤ በሳምንቱ ሌላ ለመግዛት ተገደድኩ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ። እንደ ሄሊዮስ 44ኤም ያሉት ከበስተኋላ አንድ ትንሽ ብረት ብቅ ይልባቸዋል። አፐርቸራቸው የሚዘጋው ያ ብረት ሲጫን ነው። ለነዚህ ውስጡ ጠርዝ ያለውን፣ ብረቱን የሚጫነውን አዳፕተር ግዙ። 44-2 ይህ ብረት የለውም፤ ማንኛውም ይሆነዋል። ከሌሎቹ ሌንሶች ደግሞ የኒኮን ጂ ዓይነቶቹ የአፐርቸር ቀለበት ስለሌላቸው የራሱ መቆጣጠሪያ ቀለበት ያለው አዳፕተር ይፈልጋሉ። ካኖን ኢኤፍ አፐርቸሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ባዶ ቱቦ አይበቃውም፤ ኤሌክትሮኒክ አዳፕተር ነው የሚያስፈልገው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ለጀማሪ ኤም 42 የሚቀለው ለዚህ ነው።

መግጠም

ካሜራውን አጥፉ። መጀመሪያ ሌንሱን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ አዳፕተሩን አጥምዝዙበት፤ ጥርሱ ያለ ጉልበት መያዙን እርግጠኛ ሁኑ፣ ተንጋዶ ከያዘ ፍቱትና እንደገና ጀምሩ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ይብቃው፤ ካጠበቃችሁት አዳፕተሩ ከሌንሱ ላይ አልላቀቅ ይላል። ከዚያ የቦዲውን ክዳን አንሡ፣ የቦዲውን አፍ ወደ መሬት አዙሩት፣ ምልክቶቹን አገጣጥማችሁ ቀጭ እስኪል አዙሩ። በበጋ ነፋስ ውጭ ቆማችሁ ይህን አታድርጉ። ሚረርለስ ሴንሰሩን የሚከልልለት መስታወት ስለሌለ አቧራው በቀጥታ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሌንሱ ገብቶ ቁጥሮቹ ከላይ ሳይሆን ወደ ጎን ከዞሩ አትደንግጡ። በብዙዎቹ አዳፕተሮች ጎን ላይ ሦስት ጥቃቅን ብሎኖች አሉ። እነሱን ላላ አድርጎ፣ ቁጥሩን ወደ ላይ አዙሮ መልሶ ማጥበቅ ነው።

ካሜራው ውስጥ የሚስተካከለው

አብርታችሁ ማንሻውን ስትጫኑት እንቢ ቢላችሁ አልተበላሸም። ካሜራው ከሌንሱ ጋር የሚነጋገርበት ሽቦ ስለሌለ ሌንስ የለም ብሎ ነው የሚያስበው። በሶኒ ምናሌ ውስጥ "ሪሊዝ ዊዝአውት ሌንስ" የሚለውን ፈልጋችሁ ፍቀዱለት፤ ፉጂ ላይ "ሹት ዊዝአውት ሌንስ" ነው። ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ካሜራችሁ ቦዲው ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥ መቆጣጠሪያ ካለው፣ ስንት ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደያዘ በእጃችሁ ንገሩት። ሶኒ ላይ "ስቴዲሾት" የሚለው ውስጥ ከአውቶ ወደ ማኑዋል ለውጡና 58 ምረጡ፤ ትክክለኛው ቁጥር ከሌለ የሚቀርበውን። ሴንሰራችሁ ትንሽ ቢሆንም የሚጻፈው 58 እንጂ 87 አይደለም። ይህን ቸል ያለ ሰው ለሌላ ሌንስ የተጻፈውን ቁጥር ይዞ ይወጣና ካሜራው ከሚገባው በላይ ወይም በታች እያረመ ፎቶውን ያደበዝዝበታል። መቆጣጠሪያ የሌለው ቦዲ ከሆነ ሻተር ስፒዱን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ከ1/125 ሰከንድ ባታዘገዩት ይሻላል።

የአነሣሥ ዘዴ መምረጫውን መዘውር ኤ ላይ አድርጉ (ካኖን ላይ ኤቪ ነው)። አፐርቸሩን እናንተ በሌንሱ ታዞራላችሁ፣ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን ለክቶ ሻተሩን ይመርጣል። የፎቶው መረጃ ላይ አፐርቸሩ ባዶ ወይም 0 ሆኖ ይመዘገባል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ደብተር ይዤ የምጽፈው ለዚህ ነበር፤ በኤፍ 2 እና በኤፍ 4 መካከል ያለውን ልዩነት ዓይኔ የተማረው ከደብተሩ ነው። ፋይሉን ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) አድርጉት።

ፎከስ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ካሜራው ሁለት መሣሪያ ይሰጣችኋል። አንዱ "ፒኪንግ" ነው፤ የጠራውን ጠርዝ በቀይ ወይም በቢጫ ይቀባዋል። ሌላው "ማግኒፋየር" ነው፤ የምስሉን አንድ ክፍል አጉልቶ ያሳያል፤ የኔው 6 ጊዜ እና 12 ጊዜ ያህል ያጎላል። ማጉያውን አውራ ጣታችሁ በሚደርስበት ቁልፍ ላይ ስጡት። ምናሌ ውስጥ ገብታችሁ የምትፈልጉት ከሆነ በጭራሽ አትጠቀሙበትም።

ፒኪንግ ያታልላል። የነጠላ ጥበብ ወይም የተሰነጠቀ ግድግዳ ፊት ስትቆሙ፣ ፎከስ ባይሆንም ጠርዙ ሁሉ ይቀላል። ስለዚህ መጠኑን "ሎው" ላይ አድርጉትና ለመቃረቢያ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ፍርዱ የማጉያው ይሁን።

ሄሊዮስ 44-2 ሁለት የአፐርቸር ቀለበቶች አሉት፤ ይህ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። አንደኛው ቁጥሩን ይመርጣል፣ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይላል። ሁለተኛው ያለ ድምፅ በመረጣችሁት ቁጥርና በኤፍ 2 መካከል ይከፍታል፣ ይዘጋል። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በአንደኛው ኤፍ 5.6 ምረጡ። በሁለተኛው ክፈቱት፤ ብርሃኑ ሙሉ ሆኖ ፎከሱ በቀላሉ ይታያል። የሰውየውን ዓይን አጉሉ፣ አጥሩ። ከዚያ ሁለተኛውን ቀለበት ሳታዩ እስኪቆም ዝጉና አንሡ። እጃችሁ ከለመደው ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ስንት ስሕተት ይቻላል? ሰውየው በ1.5 ሜትር ርቀት ቢቀመጥና በኤፍ 2 ብታነሡት፣ ጥርት የሚለው ከፊት እስከ ኋላ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓይኑ ሲጠራ ጆሮው ይደበዝዛል ማለት ነው። በኤፍ 8 ግን ወደ 32 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። በዚያ በ8 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ደግሞ የእናንተም የሱም መተንፈስ አለ። ስለዚህ ቀለበቱን ከማሽከርከር ይልቅ ካቃረባችሁ በኋላ ቀለበቱን ተዉት፤ ወገባችሁን በጥቂቱ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያደረጋችሁ ዓይኑ ሲጠራ አንሡ፤ ሦስት ጊዜ አከታትሉ። ከሦስቱ አንዱ ይጠራል።

በመንገድ ላይ ለሚንቀሳቀስ ሰው ይህ አይሆንም። እዚያ ጋሼ በዜኒቱ ዘመን ያደርጉት የነበረውን አድርጉ። አፐርቸሩን ኤፍ 8፣ የሌንሱን የርቀት ቁጥር 3 ሜትር ላይ አድርጉ፤ ከ2.5 እስከ 3.8 ሜትር ያለው ሁሉ ይጠራል። ሦስት ሜትር አምስት የቤት እርምጃ አይሞላም። ዓይናችሁን ርቀት አስለምዱትና ፎከሱን ሳትነኩ አንሡ። ለሰፊ ሜዳ ደግሞ ኤፍ 11፣ ቁጥሩ 10 ሜትር፤ ከ5 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ጥርት ይላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን አዳፕተሩ ትክክል ከሆነ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ማለዳ እንጦጦን የምታዩበት ቦታ ቁሙ፤ ሌላ ቦታ ያላችሁ ጨረቃን ተጠቀሙ። ቀለበቱን የተጋደመው 8 (∞፣ የመጨረሻው ሩቅ ምልክት) ላይ አድርሳችሁ አጉሉና እዩ። ብዙዎቹ አዳፕተሮች በጥቂቱ ስለሚሳሱ ሩቁ የሚጠራው ቀለበቱ ከመቆሙ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ይህ ጉዳት የለውም፤ እስከ መጨረሻው አዙሮ ማንሣት እንደማይቻል ብቻ አስታውሱ። ቀለበቱ ቆሞ ሩቁ ገና ካልጠራ ግን አዳፕተሩ ወፍሯል፤ መልሱት።

ነጠላና ፊት

የኛን ሰው ስታነሡ ካሜራው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ የምስሉን ሰፊ ቦታ ሲይዝ ካሜራው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱም ከሰል ይሆናል። የብርሃን ማስተካከያውን መዘውር ወደ ፕላስ 0.7 ወይም ፕላስ 1 አዙሩት። ሚረርለስ ውጤቱን ከማንሣታችሁ በፊት በመመልከቻው ስለሚያሳያችሁ መገመት የለም፤ እያያችሁ ፊቱ ፊት እስኪመስል አዙሩ። "ዜብራ" የሚባለውን መስመር ካበራችሁት ነጠላው ፈጽሞ ነጥቶ ጥለቱ ሊጠፋ ሲል ያስጠነቅቃችኋል።

ሄሊዮስ ከፀሐይ ፊት ሲቆም በቀላሉ ይገረጣል፤ ቅቡ የዛሬዎቹን ያህል ጠንካራ አይደለም። እጃችሁን ከሌንሱ በላይ እንደ ጥላ ዘርጉለት። እኔ ግን አንዳንዴ ያንን መገርጣት እወደዋለሁ፤ የጠዋት ጭስ ያለበት ማዕድ ቤት በዚህ ሌንስ ሌላ ነገር ነው። ሰው የሚያወራለትን የሚሽከረከር ጀርባ (ከሰውየው ኋላ ያለው ድብዝዝ ነገር ክብ ሠርቶ የሚዞር መምሰሉን) ለማግኘት ደግሞ በኤፍ 2፣ ሰውየውን በሁለት ሜትር ገደማ፣ ከኋላው በርቀት የዛፍ ቅጠል በመካከሉ ብርሃን የሚያሳልፍበት ቦታ ይሁን። ሽክርክሪቱ ያለው ዳር ዳሩ ላይ ስለሆነ በትንንሽ ሴንሰር ይቆረጣል፤ በፉል ፍሬም ነው በደንብ የሚታየው።

ቤት ውስጥ በአምፖል ብርሃን ስታነሡ ጥቁር ጥቁር መስመር ከመጣባችሁ፣ የመብራታችን ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ ነው። ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሻተር አጥፉና ሻተር ስፒዱን 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጉ። ሌንሱን ሙሉ ከፍታችሁ ያለ ክዳን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፤ በመካከል የሚከልል መስታወት ስለሌለ ፀሐዩ ሴንሰሩ ላይ ያተኩራል። ሥራ ሲያበቃም ሌንሱን ወደ ቆዳው ማኅደር አትመልሱት፤ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አድርጋችሁ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጡት።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ጋሼን መስኮታቸው አጠገብ አስቀምጬ አነሣኋቸው። ኤፍ 2.8፣ 1/125፣ አይ ኤስ ኦ (የሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 800፣ ፕላስ 0.7። በማጉያው ግራ ዓይናቸው ላይ አጠራሁ፤ ጋቢያቸውም ጥለቱ አልጠፋም። ካሜራውን ተቀብለው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ሌንሱን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው "ኤፍ 2 ላይ ብታደርገው ኖሮ መነጽሬ ይደበዝዝብህ ነበር" አሉኝ።